ሱስ የተወ ሰው ወዳጅ አይጣ

አንድ ወጣት መጠጥ ወይም ጫት ተወ የተባለ እንደ ሆነ፣ ወሬው በተሰማበት ዕለት የማይመርቀው ሰው አይገኝም። እናት እልል ትላለች፤ ጎረቤት «እሰይ፣ ተመስገን!» ይላል፤ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦችም «ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ» ይሉታል። በሳምንቱ ግን ያ ሁሉ መራቂ በየፊናው ይበተናል። ልጁም ሥራ ሲለቀቅ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ ወዴት እንደሚሄድ ግራ ይገባዋል። ወደ አንደኛው አቅጣጫ ቢሄድ የተዋቸው ጓደኞቹ የሚሰበሰቡበት ቡና ቤት አለ፤ ወደ ሌላው ቢሄድ ማንም የማይጠብቅበት የኪራይ ክፍሉ አለ። ዛሬ በዚህ ገጽ ልንነጋገርበት ያሰብነው ስለዚህች ሰዓት ነው።

ስለ ሱስ ሲጻፍና ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የሰውነቱ ጉዳት ነው፤ የጉበት መታመም፣ የጨጓራ መላጥ፣ የእንቅልፍ መጥፋት፣ የደመወዝ በሳምንት ማለቅ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ሱስ የያዘው ሰው ከብርጭቆው ጋራ አንድ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ጋራ አራት ወይም አምስት ሰዎች፣ ከሰዎቹም ጋራ አንድ የታወቀ የቀን ሰዓት አለው። «ተውኩ» ባለ ቀን የሚተወው ይህን ሁሉ ነው። ስለዚህ ከሱስ መውጣት ግማሹ የሰውነት፣ ግማሹም የባልንጀርነት ጉዳይ ነው እንላለን።

በዚህ ረገድ ለወጣቶች ዘወትር የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፤ «ክፉ ባልንጀራህን ተው» የሚል። ከአህያ ስለ ዋለችው ጊደር የሚነገረውንም ተረት የማያውቅ የለም። ምክሩ ሐሰት አይደለም፤ ግን ጎደሎ ነው። ከክፍለ ሀገር ተነሥቶ ለትምህርት ወይም ለሥራ አዲስ አበባ የገባውን ወጣት እናስብ። ከተማው አያውቀው፣ እሱም ከተማውን አያውቅ። የቤት ኪራይ የት እንደሚረክስ የነገሩት፣ የመጀመሪያ ደመወዙ እስኪወጣ ድረስ ያበደሩት፣ በታመመ ጊዜ ሾርባ ይዘው የመጡት እነዚያው የቡና ቤት ባልንጀሮቹ ሊሆኑ ይችላሉ። የዩኒቨርሲቲውም ተማሪ እንዲሁ ነው። በፈተና ሳምንት «ዐይን ይገልጣል» ብለው ለበርጫ የጠሩት ልጆች፣ አንድ ክፍል የሚያድሩ፣ ደብተር የሚያውሱት፣ አባቱ በሞቱ ጊዜ እስከ ለቅሶው ቤት የሸኙት ልጆች ናቸው። እንዲህ ያሉትን ሰዎች «ክፉ» ብሎ መጥራት ስሕተት ነው። ልጁ ይህን ምክር ሲሰማ የሚከብደውም ውለታ የዋሉለትን ሰዎች እንዲከዳ የታዘዘ መስሎ ስለሚሰማው ነው።

ሆኖም ውለታቸው እውነት የሆነውን ያህል፣ አብሮነታቸው የሚያመጣው አደጋም እውነት ነው። ሩሲያዊው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ በውሾች ላይ ባደረገው ምርመራ እንዳሳየው፣ ምግብ ከመምጣቱ በፊት ዘወትር አንድ ድምፅ የሰማ ውሻ በመጨረሻ ድምፁን በሰማ ጊዜ ብቻ ለሀጩ ይወርዳል። የሰው አእምሮም ልማድን የሚይዘው በዚሁ መንገድ ነው። የብርጭቆው ድምፅ፣ የቡና ቤቱ ሙዚቃ፣ የጓደኛው ሳቅ፣ የዕጣኑ ጢስ፣ የጫቱ ቅጠል ሽታ፣ እነዚህ ሁሉ በራሳቸው ሐራራን ይቀሰቅሳሉ። ሰውዬው ከተወ ስድስት ወር ቢሆነውም አእምሮው አልረሳም። ስለዚህ «እኔ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ እንጂ አልነካም» ብሎ በቀድሞው ጠረጴዛ መቀመጥ ጀግንነት መስሎ ይታይ ይሆናል እንጂ ከእሳት አጠገብ ገለባ እንደ ማኖር ነው።

የቦታና የባልንጀራ ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያስረዳ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ከአሜሪካ ወታደሮች ብዙዎቹ የሄሮይን ሱሰኞች ሆነው ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ወደ አገራቸው የተመለሱትን ሊ ሮቢንስ የተባሉ ተመራማሪ እየተከታተሉ ቢያጠኑ፣ በቬትናም ሳሉ ሱሰኛ ከነበሩት መካከል በአገራቸው በመጀመሪያው ዓመት ሱሱ ያገረሸባቸው ከመቶ አምስት ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኙ። ይህን ውጤት ያመጣው አንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። ሆኖም ወታደሮቹ ሱሱን የለመዱበትን ሰፈር፣ ፍርሃቱንና ጓዱን ከባሕር ማዶ ትተውት መምጣታቸው ትልቅ ድርሻ እንደ ነበረው ብዙ ሊቃውንት ይስማማሉ።

የውጭ አገር ምሳሌ ሩቅ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር የራሳችንን እንይ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ መጠጥ ሳይቀምሱ የሚሰነብቱ ብዙ ሰዎች እናውቃለን፤ በረመዳንም ፀሐይ እስክትጠልቅ ጫትም ሲጋራም የማይነኩ እንዲሁ ብዙ ናቸው። እነዚህ ሰዎች በሌላው ጊዜ «አንድ ቀን ማለፍ አልችልም» የሚሉ ናቸው። ታዲያ ያን ጊዜ እንዴት ቻሉ? ሃይማኖታቸው እንዳገዛቸው አያጠራጥርም። ነገር ግን ሌላም ነገር አለ፤ በጾሙ ወራት ባልንጀራውም ይጾማል፤ ጋባዡም አይጋብዝም፤ እምቢ ያለውን ሰው «ምን ሆንክ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ፋሲካ በሆነ ማግስት ግን ጠረጴዛው ይዘረጋል፤ ሰውዬውም ወደ ቦታው ይመለሳል። ብቻውን የተወ ሰው ግን በሌላው ሰው ፋሲካ መካከል የራሱን ጾም እንደሚጾም ነው። ሸክሙ የከበደውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ቃላችን መናገር ያስፈልጋል፤ ይህችውም «በሞቴ» የምትለው ናት። በአገራችን ደንብ እንግዳ «ይበቃኛል» ቢል ማመን ነውር ነው። «በሞቴ፣ ይህችን ብቻ!» «አፈር ስሆን!» እየተባለ ይለመናል። ይህ ልማድ ከፍቅር የመጣ ነው፤ እንጀራን ከወጥ ጋራ ጠቅልሎ ከሚያጎርሰው እጅ የመጣ ነው፤ ልንንቀው አይገባም። ነገር ግን መጠጥ ለተወ ሰው ይህች ቃል ወጥመድ ናት። እምቢ ካለ ወዳጁን የናቀ ይመስላል፤ እሺ ካለ የብዙ ወር ድካሙ በአንዲት ብርሌ ይፈርሳል። ይሉኝታ ያሸነፈው ሰው ሲጠጣ ሐራራ ይዞት ላይሆን ይችላል፤ የወዳጁን ፊት ማሳዘን ከብዶት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የመጠጥን ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥም ከልክሏል። መልካም ሕግ ነው። ሆኖም «በሞቴ» የሚለውን ባልንጀራ የሚከለክል አዋጅ ሊወጣ አይችልም። ይህን ማረም የሕግ ሥራ ሊሆን ስለማይችል ለእኛ ለራሳችን የተተወ ነው።

እንግዲህ ሱሱን የተወው ወጣት ባልንጀሮቹን እንዴት አድርጎ ይያዝ? እንደሚመስለን በመጀመሪያ በሦስት ቢለያቸው መልካም ነው። አንደኞቹ ከመጠጡ በፊትም የነበሩ፣ መጠጡ ቢቀርም የሚኖሩ ናቸው፤ አብሮ አደጉ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛው፣ ወንድሙ። እነዚህን ከቶ አይልቀቅ። ሁለተኞቹ ራሳቸው የሚጠጡ ወይም የሚቅሙ፣ ግን «ትቻለሁ» ቢላቸው የሚያከብሩለት ናቸው። ከእነዚህ ጋራ ወዳጅነቱን ያቆይ፤ ቦታውንና ሰዓቱን ግን ይለውጥ። ማታ ቡና ቤት ይገናኙ የነበሩ፣ ጠዋት ቁርስ ላይ ወይም እሑድ ኳስ ሜዳ ይገናኙ። ሦስተኞቹ ያለ ብርጭቆ ወይም ያለ ጫት የሚነጋገሩት አንዳች ነገር የሌላቸው፣ መተዉንም እንደ ስድብ የሚቆጥሩ ናቸው። ከእነዚህ ጋራ ሳይጣላና ሳይሰድብ፣ ሰላምታውንም ሳይነፍግ፣ ቀስ ብሎ ይራቅ። ለቅሶ ቢኖርባቸው ይድረስ፤ ለበርጫ ቢጠሩት ግን አይሂድ። ጫቱን ከሰዓት በኋላ ቅሞ ማታ በመጠጥ «ጨብሲ» ማለት የለመደ ሰው ደግሞ፣ የከሰዓቱን ባልንጀራ ትቶ የማታውን ቢያቆይ ግማሽ በር ከፍቶ እንደ መተኛት መሆኑን ይወቅ።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው የእምቢታ ቃል ነው። ብዙዎች ለማምለጥ ሲሉ «መድኃኒት ጀምሬ ነው»፣ «ዛሬ ጨጓራዬን አሞኛል» ይላሉ። ይህ ለአንድ ቀን ያገለግላል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ያልቃል፣ ጨጓራውም ይድናል፤ ያን ጊዜ ጋባዡ ተመልሶ ይመጣል። ሰበብ ቀነ ቀጠሮ አለው። «ትቻለሁ» የምትለው አጭር ቃል ግን ቀነ ቀጠሮ የላትም። ብዙ ማብራራት አያስፈልግም፤ ብዙ ያብራራ ሰው ለክርክር በር ይከፍታል። ለመስክ ሥራ ወጥቶ አለቃው ቢጋብዘው እንኳ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ ትቻለሁ፤ አምቦ ውሃ እጠጣለሁ» ብሎ በትሕትና ቢናገር የሚቆጣ አለቃ ጥቂት ነው። ሠርግ ሲጠራም ቀደም ብሎ ሄዶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ሙሽሮቹን መርቆ፣ የመጠጡ ጨዋታ ሳይደራ መሰናበት ነውር አይደለም። ብርጭቆው ባዶ ሆኖ የታየ ሰው «ይቀዳለት» ይባላልና፣ ከመጀመሪያው ለስላሳ ወይም ውሃ ይዞ መቀመጥም ከብዙ ልመና ያድናል።

ስለ ቤተ ሰብና ስለ ፍቅርም አንድ ነገር መናገር ይገባል። ሱስ የተወ ወጣት እናቱ ወይም ሚስቱ ወዲያው ያላመነችው እንደ ሆነ ይከፋዋል። «ይህን ያህል ታግዬ ዛሬም አፌን ታሸታለች» ብሎ ያዝናል። ነገር ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና በእሷም አይፈረድም። ስንት ጊዜ ተምሎላት ስንት ጊዜ ፈርሷል! ስለዚህ መሐላ ለእሷ ዋጋ የለውም። እምነት የሚመለሰው በተቆጠሩ ትናንሽ ነገሮች ነው፤ ደመወዝ በወጣበት ቀን በሰዓቱ ቤት በመግባት፣ የቤት ኪራዩን ሳይጠየቁ በመክፈል፣ «እመጣለሁ» ባሉበት ሰዓት በመምጣት ነው። ብድር ያለበትም ሰው ጠቅላላውን መክፈል ባይችል እንኳ ከአበዳሪው ይሸሽ ዘንድ አይገባውም፤ ከየወሩ ጥቂት ጥቂት እየቀነሰ ይክፈል። ከአበዳሪው የተሸሸገ ሰው ብቸኛ ይሆናል፤ ብቸኝነት ደግሞ ወደ ቀድሞው ጠረጴዛ መመለሻ አቋራጭ መንገድ ነው። እንዲሁም በመጀመሪያዎቹ ወራት የመጠጡን ባዶ ቦታ በአዲስ ፍቅር ለመሙላት መቸኮል ደግ አይደለም። አንዲትን ልጅ የመድኃኒት ምትክ አድርጎ መያዝ እሷንም መበደል ነው፤ ፍቅሩ የተሰበረ ዕለትም ሁለቱ ኀዘኖች ተደርበው ይመጣሉ።

እስካሁን የተናገርነው ሱሱን ለተወው ሰው ነበር። እኛ ግን የሚበልጠው ግዴታ የወዳጆቹ ነው ብለን እናምናለን። ምክንያቱም እሱ አንድ ነው፣ እኛ ብዙ ነን፤ እሱ ደክሟል፣ እኛ ጤነኞች ነን። ወዳጁ «ትቻለሁ» ያለ ሰው የመጀመሪያ ተግባሩ ቃሉን አንድ ጊዜ ሰምቶ መቀበል ነው። ሁለተኛው ተግባሩ ቀጠሮውን መለወጥ ነው፤ «ና፣ አንተ ለስላሳ ትጠጣለህ» ብሎ ወደ ቡና ቤት ከመጥራት ይልቅ ወደ ቤቱ ጠርቶ ቡና ማፍላት። አንድ ምሽት የወዳጅን ነፍስ ለማዳን ቢራ ቢቀርብን ምን እንጎዳለን?

በአንጻሩ ለወዳጅ ማገዝና የወዳጅን ገመና መሸፈን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከሥራ ቀርቶ ሲሰክር ያደረውን ባልደረባ በመገኛው መዝገብ ላይ መፈረም፣ ለአለቃው «አክስቱ ሞታበት ነው» ማለት፣ ለመጠጥ እንደሚያውለው እያወቁ ገንዘብ ማበደር፣ ይህ ሁሉ ደግነት ይመስላል እንጂ ሱሱን መቀለብ ነው። ራቱን ልናበላው፣ የታክሲ ልንከፍልለት፣ ሐኪም ቤት አብረነው ልንሄድ እንችላለን፤ ሐሰቱን ግን እሱ ራሱ ይሸከመው። እንዲሁም እንደ ሰላይ ኪሱን መበርበር፣ ዐይኑን እያዩ «ቀምሰሃል መሰለኝ» ማለት ወዳጅነት አይደለም። የሚሰለል ሰው መደበቅን ይማራል።

በዚህ ላይ ወዳጆች ሊያውቁት የሚገባ አንድ የሕክምና ነገር አለ። ለረዥም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ ይጠጣ የነበረ ሰው ያለ ሐኪም በአንድ ጊዜ ቢያቋርጥ ከባድ አደጋ ሊያገኘው ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ የሚያንዘፈዝፍ ሕመም፣ ከዚያም እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ሊመጣ ይችላል፤ ካልታከመም ይገድላል። እንዲህ ያለው ሰው ክፍሉን ዘግቶ እንዲታገል ከመምከር ይልቅ እንደ አማኑኤል ሆስፒታል ወዳለ የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት ቦታ መውሰድ ያስፈልጋል። ጫትን የተወ ደግሞ ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ድካም፣ መፍዘዝ፣ መነጫነጭና ክፉ ሕልም ይገጥመዋል፤ ይህን የማያውቅ ወዳጅ «ተለወጠ፣ ኮራ» ብሎ ይቀየመዋል። የሚያውቅ ወዳጅ ግን «ያልፋል» ብሎ አጠገቡ ይቀመጣል።

ሰው ለሰው መድኃኒት መሆኑን ከሚያሳዩት ታሪኮች አንዱ በ1927 ዓ.ም. በአሜሪካ በአክረን ከተማ የሆነው ነው። ቢል ዊልሰን የተባለ የኒው ዮርክ ነጋዴ መጠጥ ከተወ ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር። ለንግድ ወደዚያች ከተማ ሄዶ ጉዳዩ ሳይሳካለት ቀረ። ባደረበትም ሆቴል ውስጥ የመጠጥ ክፍሉ ድምፅ ሲጠራው፣ ወደዚያ መግባቱን ትቶ ስልክ አነሣና የቤተ ክርስቲያን ሰዎችን እየጠየቀ የሚያነጋግረው ሌላ ጠጪ ፈለገ። ቦብ ስሚዝ የተባለ፣ መጠጥ ያሸነፈውን ሐኪም አገናኙት። ሁለቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው በመነጋገር መጠጥን ተዉ፤ ዛሬ በብዙ አገር የሚገኘው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው የጠጪዎች መረዳጃ ማኅበርም ከእነሱ ወዳጅነት ተወለደ። ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ ቢል ዊልሰን በዚያች ሰዓት የፈለገው የሚመክረውን ሊቅ ሳይሆን ችግሩን የሚያውቅለትን ባልንጀራ መሆኑን ነው። ሌላውን ለመርዳት ሲነሣም ራሱን አዳነ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ለእንዲህ ያለው ነገር እንግዶች አይደለንም። ዕድር አለን፣ ዕቁብ አለን፣ የጽዋ ማኅበር አለን፤ ብቻውን የሚቀብር፣ ብቻውን የሚድርም የለም። ታዲያ ሬሳን ለመሸኘት እንዲህ የምንሰባሰብ ሰዎች፣ በቁሙ ለመዳን የሚታገለውን ሰው ብቻውን መተዋችን ምን ይባላል? በየመሥሪያ ቤቱና በየዩኒቨርሲቲው ሱስ የተዉ ሁለት ሦስት ወጣቶች በሳምንት አንድ ቀን ቡና ጠጥተው የሚነጋገሩበት ነገር ቢጀምሩ ወጪው የአንድ ጀበና ቡና ነው። አለቆችና የተማሪዎች ኃላፊዎችም አንድ ክፍል ቢፈቅዱላቸው፣ ገመናቸውንም ቢጠብቁላቸው፣ ብዙ ከሚያስወጣ ስብሰባ የበለጠ ፍሬ ያገኙበታል።

በመጨረሻም ስለ ማገርሸት ጥቂት እንበል። ከተዉት ሰዎች ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ይወድቃሉ። የወደቀ ዕለት ሰውዬው በኀፍረት ከሚሸሻቸው ሰዎች የመጀመሪያዎቹ መልካም ወዳጆቹ ናቸው፤ እጁን ዘርግቶ የሚቀበለው ደግሞ የቀድሞው ጠረጴዛ ነው። ስለዚህ በዚያች ዕለት ማን ቀድሞ እንደሚደርስለት ወሳኝ ነገር ነው። «አልነገርኩህም?» ብሎ የሚመጣ ወዳጅ ባይመጣ ይሻላል። «ትናንት ምን ሆነህ ነበር? ከማን ጋራ ነበርክ? ዛሬ ማታ ከእኔ ጋራ ራት ብላ» የሚለው ወዳጅ ግን ሦስት ነገር ይሠራል፤ ምክንያቱን እንዲያውቅ ያደርገዋል፣ ከኀፍረቱ ያወጣዋል፣ ክፉዋንም ሰዓት ያሳልፈዋል። የሳምንቱ ትግል በአንድ ማታ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የወሩ ደመወዝ በሚወጣበት ቀን በየመሥሪያ ቤታችን «ዛሬ የት ነው?» የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ከመካከላችን አንዱ ቦርሳውን ይዞ ዝም ብሎ ለመሄድ ሲነሣ ብናይ፣ «ኮርተሃል» ብለን አንሳቅበት፤ «በሞቴ»ም ብለን አናስቀምጠው። ይልቁንስ ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ «ቆይ፣ አብሬህ ልሂድ» ይበለው። የወዳጅነት ትርጉም በዚያች አጭር መንገድ ላይ ይታወቃል እንላለን።